የሐጂ ፍየሎች ዓይን

ጅማ ውስጥ ግድግዳ ላይ ቡና ያልሣለ ሠዓሊ አይገኝም። ጀበና፣ ሲኒ፣ የሚጤስ እጣን፣ ከጎኑ ቀይ ፍሬ ያዘለ ቅርንጫፍ። እጃችን ስለለመደው ወሬ እያወራን እንሠራዋለን። ፍየል ግን ሌላ ነው። ፍየል ጣጣ አለው።

ሥራው የመጣልኝ በሰው በሰው ነው። ሐጂ ቡና አቅራቢ ናቸው። ትውልዳቸው ጎማ ነው፣ ከአጋሮ ወጣ ብሎ። ሂርማታ ገበያ አካባቢ ካፌ ሊከፍቱ ነበርና ረጅሙን ግድግዳ “እረኛውና ፍየሎቹ ይሁንልኝ” አሉኝ። ታሪኩን የማያውቅ የለም። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ይፈነጥዛሉ፣ እረኛው ያያል፣ ይቀምሳል፣ እሱም ይፈነጥዛል። ፍሬውን ወደ ገዳም ሲወስደው መነኩሴው እሳት ውስጥ ይጥለዋል፣ ከዚያ ሽታው አገሩን ያውደዋል። ዋጋ ነገርኳቸው፣ እሺ አሉ፣ ቀብድ ሰጡኝ። አልተከራከሩም። በእኛ ሥራ ይሄ ጥሩ ምልክት አይደለም። ዋጋ ላይ ያልተከራከረ ደንበኛ ክርክሩን ለግድግዳው አስቀምጦታል ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። “የሰውየውን ፊት አትሥራብኝ። ዘወር ይበልልኝ።” ሃይማኖታቸው ነው፣ ገባኝ። እረኛው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ጫካው እንዲያይ አደረግኩት። እንዲያውም አማረበት። ግን ልብ በሉ፣ ሰውየው ዘወር ሲል ግድግዳው ላይ የቀሩት ዓይኖች የፍየሎቹ ብቻ ሆኑ።

አሁን ወደ ወንድማቸው ልጅ እንምጣ። ልጁ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። ዲዛይነር ነኝ ይላል፣ ባነር ያሳትማል። እኔ ከባነር ሰዎች ጋር ጠብ የለኝም። የከተማውን ጽሑፍ ሁሉ ወስደው እኛን ግድግዳ ጠራጊ ቢያደርጉንም ጠብ የለኝም። ልጁ ስልኩ ላይ ከየትም ያወረደው ሥዕል ነበረው። “አርቲስት፣ ይሄንን ብቻ ገልብጥልን፣ ሳትጨነቅ” አለኝ። ከላዩ ላይ ደግሞ በትልቁ “ካልዲ፣ ከፋ፣ 850 ዓ.ም.” ተብሎ እንዲጻፍ ይፈልጋል።

ሐጂ ይህን ሲሰሙ መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

“ከፋ? ቡና የበቀለው ጮጬ ነው። እኛ ሰፈር። እረኛውም ካልዲ አይደለም፣ ኻሊድ ነው።”

በር የሚገጥመው አናጢ የቦንጋ ልጅ ነው። መዶሻውን ይዞ ብቅ አለ። “ኧረ ሐጂ! እኛ ከፋ ያለው ማንኪራ ጫካስ?” አለ። ከዚያ በኋላ ሥራ የለም። አንዱ በድሮው አከፋፈል ጅማ ራሷ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ስለነበረች ከፋ ቢባልም ጅማ ማለት ነው አለ። ይህ አናጢውንም ሐጂንም አናደዳቸው። እኔም ዝም አላልኩም። የእረኛው ተረት በአውሮፓ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ውስጥ ነው፤ ፋውስቶስ ናይሮን የተባለ ማሮናዊ ክርስቲያን ሊቅ በላቲን ነው የጻፈው፤ እሱ ዘንድ እረኛው ስም የለውም፣ አገሩም የመን ነው አልኳቸው። የመን ስል ሦስቱም ባንድ ላይ በእኔ ላይ ዞሩ። በመጨረሻ ሐጂ “ምንም አይጻፍ” አሉ። ለእኔ ተመቸኝ። ጽሑፍ የሌለበት ግድግዳ ቶሎ ያልቃል።

ቅርንጫፉን የጀመርኩ ቀን ልጁ ስልኩን ዘርግቶ አጠገቤ ቆመ። እሱ ሥዕል ላይ የቡናው ቅጠል አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ፣ እየተፈራረቀ ነው የወጣው። ፍሬው ደግሞ ጫፍ ላይ እንደ ወይን ተንጠልጥሏል። እኔ ቅጠሉን ጥንድ ጥንድ አድርጌ፣ ፍሬውን ከቅጠሉ ብብት ሥር ሰብስቤ ሠራሁ።

“አርቲስት፣ ሥዕሉን አላየኸውም እንዴ?”

“አይቼዋለሁ። ቡና ግን አይደለም።”

“ኢንተርናሽናል ሥዕል ነው ይሄ!”

ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ተቀበሉት። አራቁት፣ አቀረቡት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና እግር ሥር የኖሩ ሰው ናቸው። “ይሄ የምን ተክል ነው?” አሉ። “ቡና ነው አጎቴ” አለ። “የቡና ቅጠል ፊትና ፊት ነው የሚወጣው። ወንድም ከወንድሙ ትይዩ። እናትህ ጓሮ ሄደህ እይ።” ስልኩን መለሱለት። ልጁ ቀላ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሳቄን ላለማሳየት እንጂ ለሌላ አይደለም።

የፍየሎቹ ጉዳይ የመጣው በዚህ ቂም ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ቀጥሎ የሆነው አይገባውም።

እኔ የተማርኩት ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። መምህሬ ጎንደር የተማሩ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ የሚያስተምሩት ዓይን ነው። በአገራችን የቆየ ሥዕል ደንቡ የታወቀ ነው። ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ኃጥእ በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ጌታን የሚገርፉት ጭፍሮች፣ ሁሉም በጎን ናቸው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና ያለ ሰው ጣሪያውን የሞሉት ክንፋም ፊቶች በሁለት በሁለት ዓይን ቁልቁል ሲያዩት ያገኛል። ከዚያ ዓይን መደበቂያ የለም፣ ዓላማውም እሱ ነው። ስለዚህ እኔ ፍየል ሣል ስባል ፊቱን ወደ ሰው አዙሬ፣ ዓይኑን ክብ፣ ቅንድቡን ቀስት አድርጌ ነው የምሥለው። ከአንገት በታች ይፈነጥዛል፣ ከአንገት በላይ ያያችኋል።

ልጁ እጁን አጣምሮ መሀል ወለሉ ላይ ቆመ።

“አጎቴ፣ እነዚህ ፍየሎች ያፈጣሉ።”

ሐጂ ቀና አሉ። እውነትም ያፈጣሉ።

“ሰው ቁጭ ብሎ ቡና ሲጠጣ ይሄ ሁሉ ፍየል እያፈጠጠበት? መታወቂያ ፎቶ የሚነሱ ነው የሚመስሉት። ፍየል በጎን ነው የሚሣለው። ዓለም ላይ ያለ ፍየል ሁሉ በጎን ነው!”

ከመሰላሉ ወረድኩ። ይህን ጥያቄ መመለስ እወዳለሁ። ስለ ሁለት ዓይንና ስለ አንድ ዓይን ነገርኳቸው። ሐጂ በጥሞና ሰሙኝ። ሥዕላችንን ባያዘወትሩም ነገር የሚገባቸው ሰው ናቸው።

“ይሄ ለሰው ነው” አሉ። “እንስሳ ምን ጽድቅ አለው?”

“አለው ሐጂ። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል አይተው ያውቃሉ? እኛ አቦ የምንላቸው። ሰውነታቸው በጠጉር የተሸፈነ። ዙሪያቸውን አንበሳና ነብር ነው፣ 60 አንበሳና 60 ነብር ይባላል። ብዙው ሥዕል ላይ አንበሶቹ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው በሁለት ዓይን ነው የሚያዩት። አገልጋይ ስለሆኑ ነው። አውሬ ቢሆኑም ጻድቅ ናቸው።”

“እሺ አንበሶቹስ ሰውየውን ጠበቁ። የእኔ ፍየሎች ምን ሠሩ?”

“ቡናን ያገኙት እነሱ ናቸው ሐጂ! እረኛውማ ተከትሎ ነው የቀመሰው። ይሄ ሁሉ አገር፣ እርስዎም እኔም የምንበላው እንጀራ፣ ከፍየሎቹ ነው የመጣው። ታዲያ አንድ ዓይናቸውን እንሰርቃቸው?”

ሐጂ ሳቁ። በደንብ ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ። “ልክ ነው፣ ባለውለታዎች ናቸው” አሉ። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። ያን ሰዓት ብሩሼን አንስቼ መሰላሉ ላይ ብወጣ ነገሩ አልቆ ነበር።

ግን ጥግ ላይ እትዬ አሉ። ካፌው ሲከፈት ጀበናውን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ከሰል ማያያዣና ረከቦት ለማየት መጥተው እዚያው ለሠራተኛው ቡና እያፈሉ ነበር። የጊዮርጊስ ማኅበርተኛ ናቸው፣ ወሩ በገባ በ23 ጠላና ዳቦ አይቀርባቸውም። እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቡናውን እየቀዱ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣

“የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስስ?” አሉ።

“ምን ሆነ እትዬ?”

“ነጩ ፈረስ። እኔ ቤት ግድግዳው ላይ አለ። በአንድ ዓይኑ ነው የሚያየው። ሰይጣን ነው እንዴ?”

ዝም አልኩ። ልጁ “ሃ!” አለ። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። ሐጂ ስለ ፈረሱ ባያውቁም ዝም ማለቴ ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋል። ነጋዴ ናቸው።

“ፈረሱ እየሮጠ ነው እትዬ” አልኩ። “መንገዱን ይይ እንጂ! ዘንዶ አለ ፊቱ።”

“ፍየሎቹስ እየፈነጠዙ አይደል?” አሉና ሲኒውን ዘረጉልኝ። “እንካ፣ ሳይቀዘቅዝ።”

ይህ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ልጁ ቢለው ግድ የለኝም፣ አላዋቂ ነው እላለሁ። ከእትዬ ግን አልጠበቅኩም። የአንድ ደብር ሰዎች ነን! ደግሞ በክፋት አልነበረም፣ እንዲያው ገርሟቸው ነው። የሚያናድደው ይሄ ነው። ማታ ቤት ገብቼ ያሉኝን ሥዕላት ሁሉ አወጣሁ፣ ካሌንደር ሳይቀር። የጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ፣ በጎን። የመርቆሬዎስ ጥቁር ፈረስ፣ በጎን። የቴዎድሮስ ቀይ ፈረስ፣ በጎን። ሰማዕቱ ፊት ለፊት ያየናል፣ ከሥሩ ያለው ፈረስ በአንድ ዓይኑ ወደፊት ያያል። ስንት ዓመት ስሥለው አንድም ቀን ለምን ብዬ አላውቅም።

መምህሬ ጋ ደወልኩ። አርጅተዋል፣ ጆሯቸው ይደክማል፣ እየጮህኩ አስረዳኋቸው። የሆነ ትርጓሜ ጠብቄያለሁ። ፈረስ የሥጋ ምሳሌ ነው፣ ጋላቢው የነፍስ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ሌላ ቀን ስለ ወንጌላውያኑ አራት እንስሳት፣ ስለ ማርቆስ አንበሳና ስለ ሉቃስ ላም፣ እስኪመሽ ሊያወሩ የሚችሉ ሰው ናቸው። ትንሽ ቆዩና፣

“ፈረስ ፊት ለፊት ሲሣል እንስራ ይመስላል” አሉ።

“ሌላ ምክንያት የለውም የኔታ?”

“ሞክረው” ብለው ዘጉት።

ሞከርኩት። እንስራ ነው።

በነጋታው ሐጂ ፍርዳቸውን ይዘው መጡ። ነገሩን አድረውበታል። ከበሩ አጠገብ ያለችው አንዲት ፍየል በሁለት ዓይኗ እንዳለች ትቅር፣ የሚገባውን እንግዳ ትቀበል። የቀሩት ወደ ቡናው ይዩ። “ቡና ያገኘ ፍየል ሰው አያይም” አሉ። ይህ ከእኔም፣ ከልጁም፣ ከእትዬም የተሻለ ምክንያት ስለነበር ምንም ማለት አልቻልኩም። ፕላስቲክ ቀለም በጥብጬ ፊታቸውን ሁሉ ደፈንኩ። እንደገና በጎን ሣልኩ።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሐጂ ግን ወደ ቅርንጫፉ ተጠጉ። ፍሬውን በጣታቸው አንድ በአንድ ነኩ።

“ይሄ አረንጓዴው ምንድነው?”

“ያልበሰለው ነው ሐጂ። ቅርንጫፍ ላይ አብሮ ይገኛል አይደል? አንዱ ሲቀላ አንዱ ገና ነው።”

“ዛፍ ላይ ይገኛል።”

“ታዲያ?”

“እኔ ቀይ እሸት ብቻ ነው የምቀበለው። ገበሬ አረንጓዴ ቀላቅሎ ሲያመጣብኝ እመልሰዋለሁ። ገበሬው ካፌዬ ገብቶ ይሄንን ሲያይ ምን ይላል? ‘ሐጂ ራሱ ግድግዳው ላይ ቀላቅሏል’ አይልም?”

ቅጠል ጥንድ መሆኑን ሲመሰክሩልኝ የነበሩት እኝሁ ሰው ናቸው! አረንጓዴውን ሁሉ ቀይ ቀባሁት። አንዲት ከታች በኩል ቅጠል የሸፈናት አረንጓዴ ፍሬ አለች። እሷን አልነካኋትም። እስካሁንም አላዩዋትም።

በዚህ ሁሉ መሀል ዘበኛው አጠገቤ እየመጡ ይቆሙ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ ወሬ አይወዱም። ሁሉም ሲሄድ፣ “እኛ የምናውቀው ሌላ ነው” አሉኝ። አንድ መድኃኒት አዋቂ ሰው ነበረ አሉ። በመብረቅ ሞተ። ዋቃ፣ ፈጣሪ ማለት ነው፣ አዝኖ መቃብሩ ላይ አለቀሰ። እንባው በወደቀበት ቡና በቀለ። ይህን ተረት ከሌላም ሰምቼው አውቃለሁ፣ ግን እንዲህ በተጣላንበት ግድግዳ ፊት ቆሜ አልሰማሁትም። እንባ መሣል ደግሞ እችላለሁ። አቦ ሥዕል ላይ ከጻድቁ ዓይን እንባ የምትጠጣ ወፍ አለች፣ እሷን ስንቴ ሠርቻታለሁ።

“ይሄንን ለምን ለሐጂ አልነገሩልኝም አባቴ?”

“የኔ ተረት ዓይን የለውም” አሉ። “እንባ ብቻ። ማንም አይጣላበትም ነበር።” ዱላቸውን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ።

ካፌው ተከፈተ። ሰው ገባ። የበሯን ፍየል ሁሉም ይወዳታል፣ ልጆች አብረዋት ፎቶ ይነሳሉ። የቀሩትን ፍየሎች የሚያይ የለም። ይህን ለሐጂ በጨዋ ደንብ አንስቼባቸው ነበር፤ “አንዷ ትበቃለች” አሉኝ። ልጁ ደግሞ ተስፋ አልቆረጠም። ከውጭ፣ ከበሩ በላይ፣ የራሱን ባነር አሳትሞ ሰቀለ። ሥዕሉ ያው የስልኩ ነው። ቅጠሉ እየተፈራረቀ የወጣበት፣ ፍሬው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለበት። ሐጂ ይህን እንዴት እንዳሳለፉት አላውቅም፤ የወንድም ልጅ ነው። የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። እኔ ምንም አልልም። በዚያ የሚያልፍ ሰው ቀና ብሎ የባነሩን ቀለም ራሱ ይይ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ስቀበል ቀድሜ ስለ ዓይኑ እጠይቃለሁ። በጎን ወይስ ፊት ለፊት? በኋላ ጠብ እንዳይኖር። በቅርቡ አጂፕ አካባቢ ሥጋ ቤት የሚከፍት ሰውዬ በሬ እንድሥልለት ጠራኝ። ቁጭ አድርጌ አስረዳሁት። ሁለት ዓይንና አንድ ዓይን፣ የሉቃስ ላም፣ የአቦ አንበሶች፣ ሁሉንም። ፈረሱን ግን አላነሳሁበትም፣ ምን አገባው። ሰውየው ቢላዋውን እየሳለ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

“ወንድሜ” አለኝ፣ “አንተ ብቻ ሻኛው ይታይልኝ።”